6000 ጥይት፦ አንድ ጦር ሽጉጡን እንዴት መረጠ?

በጸባ ያገለገላችሁ ልጆች «ማዕጾር» የሚለውን ቃል በደንብ ታውቁታላችሁ። መሣሪያው በተኩስ መሃል ቀጥ ሲል ማለት ነው። ወላጆቻችሁ ደግሞ «ነከሰ» ወይም «ከሸፈ» ይሉታል። በልምምድ ሜዳ ከሆነ አዛዡ ይቆጣል፣ ጓደኞቻችሁ ይስቃሉ፣ ያልፋል። በውጊያ ላይ ግን አያልፍም። ዛሬ የማወራችሁ ይህንን ነገር በመፍራት አንድ ጦር ሠራዊት ሽጉጥ ለመምረጥ ሰባት ዓመት የፈጀበትን ታሪክ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፣ ዘመኑ ከ1904 እስከ 1911። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሳው ግን ፊሊፒንስ ላይ ነው። አሜሪካ በ1898 ስፔንን አሸንፋ ደሴቶቹን ያዘች፤ የአገሩ ሰዎች ደግሞ ነጻነታችንን እንጂ ሌላ ጌታ አንፈልግም ብለው በ1899 ጦርነት ገጠሟት። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መኮንኖችና ፈረሰኞች የሚታጠቁት .38 ካሊበር ሪቮልቨር ነበር፤ ጥይቶቹ በሚሽከረከር ቋት ውስጥ የሚገቡበት ዓይነት ሽጉጥ ነው። እርሳሱ 10 ግራም አይሞላም፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ230 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በደቡብ፣ በሚንዳናኦና በሱሉ ደሴቶች፣ ሞሮ የሚባሉት ሙስሊሞች ጎራዴና ጩቤ ይዘው ሲመጡባቸው፣ ወታደሮቹ «ደጋግመን መትተነው እንኳ አልወደቀም» የሚል ሪፖርት መላክ ጀመሩ። ጦሩም አማራጭ ሲያጣ፣ ጡረታ የወጣውን የ1873 ኮልት .45 ከመጋዘን አውጥቶ መልሶ አደለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የሽጉጥ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ክፍል የሚነግሩን በተኳሹ አፍ ብቻ ነው። ሞሮው በታሪኩ ውስጥ ስም የለውም፣ «የማይወድቅ ሰው» ብቻ ነው። መጋቢት 1906 ላይ ቡድ ዳጆ በተባለው ተራራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞሮዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ በአሜሪካ ጦር ተገድለዋል። ስለዚህ «ሽጉጡ ደካማ ነበር» የሚለውን አቤቱታ ስታነቡ፣ አቤቱታው ከየት እንደመጣና በማን ላይ እንደነበር አብራችሁ አንብቡ። አቤቱታው ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ግማሽ ታሪክ ነው ማለቴ ነው።

በ1904 ጦሩ ሁለት ሰዎችን መደበ። አንዱ የመሣሪያ ክፍሉ ካፒቴን ጆን ቶምፕሰን ነው፤ በኋላ በስሙ የሚጠራውን «ቶሚ ጋን» ያወጣው እሱ ነው። ሁለተኛው የጦር ሐኪሙ ሜጀር ሉዊስ ላጋርድ ነው። ሥራቸው የትኛው ጥይት ሰውን እንደሚያቆም ማወቅ ነበር። እንዴት አድርገው ሞከሩት? በሬሳዎች ላይ ተኩሰው አጥንት እንዴት እንደሚሰበር ዓዩ፤ ቺካጎ ከሚገኘው ትልቅ የከብት ማረጃ ሄደው ደግሞ በቁም ከብቶች ላይ ተኮሱ። ማንበቡ ይከብዳል። ከሥቃዩ ሌላ ፈተናውም የተጣራ አልነበረም፦ ከብቶቹ ጥቂት ናቸው፣ ክብደታቸው ይለያያል፣ የተመቱበት ቦታ ይለያያል፣ አንዳንዶቹም በጥይት አልወድቅ ሲሉ በመዶሻ ተመትተው ነው የሞቱት። ከዚህ ሁሉ በኋላ የወጣው ውሳኔ ግን አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር፦ የጦሩ ሽጉጥ ካሊበር ከ.45 ማነስ የለበትም። ይኸውም 11.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ማስረጃው ይህን ያህል እርግጠኛ የሚያደርግ አልነበረም። መልሱን አስቀድመው ያወቁት ይመስላል፤ ፊሊፒንስ ላይ አሮጌው .45 ተመልሶ ነበርና። ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ሌላም ነገር ጽፈዋል፣ እሱን ግን ማንም አይጠቅሰውም፦ ጥይቱ የትም ይሁን የት ቢመታ ሰውን በእርግጠኝነት የሚያቆም የእጅ መሣሪያ የለም፣ ስለዚህ ወታደሩ ሳያቋርጥ አነጣጥሮ መምታት ይለማመድ ብለዋል።

ካሊበሩ እንዲህ ከተቆረጠ በኋላ «ማን ይሥራው» የሚለው መጣ። በ1907 መጀመሪያ ላይ ፋብሪካዎች ሽጉጦቻቸውን ይዘው ስፕሪንግፊልድ ቀረቡ። ከጀርመን ሉገር በ.45 ተሠርቶ መጥቷል፤ ሌሎችም ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ፉክክሩ በሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች መካከል ሆነ። አንዱ የታወቀው ኮልት ነው፤ ሽጉጡን የነደፈለት ጆን ብራውኒንግ ነው። ሌላው ሳቬጅ ነው፣ እስከዚያ ድረስ በጠመንጃ እንጂ በሽጉጥ የማይታወቅ ኩባንያ፤ የእሱን ንድፍ ያወጣው ኤልበርት ሰርል ይባላል። ኮልቱ በካዝናው 7 ጥይት ይይዛል። ሳቬጁ ጥይቶቹን በሁለት ረድፍ ስለሚደረድር 8 ይይዛል። በወረቀት ላይ ብቻ ብታዩት ሳቬጅን ልትመርጡ ትችሉ ነበር።

ጦሩ ግን በወረቀት አልመረጠም። ከሁለቱም 200፣ 200 ገዝቶ ለፈረሰኛ ክፍሎች ሰጠ፣ «ተጠቀሙበትና ንገሩን» አለ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ክፍል ነው። ፈረሰኛ አንድ እጁ ልጓም ይዟል፣ ፈረሱ ይደነግጣል፣ ይዘላል። በዚህ መሃል ሽጉጡ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ ምን ይደረግ? እጀታው በመዳፍ ካልተጨበጠ ቃታው የማይሳብበት መቆለፊያ ፈረሰኞቹ ስለፈለጉት ገባ፤ በኋላም በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሌላ ተጨመረ። የቀድሞው ኮልት አንድ አስፈሪ ጉድለትም ነበረበት፦ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ከፊት በገባች አንዲት ሽብልቅ ብቻ ነበር የሚያዘው፤ ሽብልቋ ከወጣች ብረቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊወረወር ይችላል። ብራውኒንግ ይህን ለውጦ ተንሸራታቹ ወደ ፊት ብቻ እንዲወጣ አደረገው። አፈሙዙን የሚይዙትን ሁለት ትንንሽ ማያያዣዎችም ወደ አንድ ቀነሳቸው። ሳቬጅም ማሻሻሉን አላቆመም፤ ሽጉጡ በእጅ ላይ ያለው ምት ግን ጠንከር ያለ ነበር።

የመጨረሻው ፈተና መጋቢት 1911 ላይ ሆነ። ከእያንዳንዱ ሽጉጥ 6000 ጥይት ይተኮሳል። ከ100 ጥይት በኋላ እስኪቀዘቅዝ ትንሽ ይቆማል፣ ከ1000 በኋላ ይጠረግና ዘይት ይቀባል፣ ከዚያ እንደገና። ሳቬጁ በዚህ መሃል 37 ጊዜ ችግር ገጠመው፤ አንዳንዴ ነከሰ፣ አንዳንዴ ክፍሉ ተሰበረ። ኮልቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልነከሰም። መጋቢት 29 ቀን 1911 ጦሩ ኮልትን ተቀበለ፤ ስሙም «ሞዴል 1911» ሆነ። ሳቬጅ መጥፎ ሽጉጥ ነበር ወይ? አይመስለኝም። 37 ለ6000 ማለት በ160 ጥይት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ሳቬጅን የጣለው፣ ጎኑ የቆመው ባዶ ቁጥር ማስመዝገቡ ነው።

ስለ ብራውኒንግ ሳነብ አንድ ነገር በሐሳቤ ይመላለሳል። ሰውዬው በዩታ፣ ኦግደን በምትባል ከተማ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው በአባቱ ሱቅ ውስጥ ብረት እየሞረደ ነው። ጎንደር አካባቢ ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ቀጥቃጮች ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ አያርስም፣ ግን ሲመሽ «ቡዳ» ይላቸዋል። የማረሻው ፈተና ኮሚሽን አልነበረውም፤ ድንጋያማ መሬት ላይ ከታጠፈ ገበሬው ተመልሶ ይመጣል፣ ካልታጠፈ ምስጋናም የለም። ብራውኒንግ ስሙ በብረቱ ላይ ተቀርጾ ዓለምን ዞረ። የእኛዎቹ ስም የተቀረጸበት ማረሻ እኔ አላየሁም። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ ማን ምን ይሠራ እንደነበር ዛሬውኑ ጠይቁና ጻፉት።

ሞዴል 1911 የአሜሪካ ጦር ዋና ሽጉጥ ሆኖ እስከ 1985 ቆየ። ያን ዓመት በጣሊያኑ ቤሬታ፣ በ9 ሚሊ ሜትር ተተካ። ካሊበሩ ከ.45 እንዳያንስ ያሉት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። ሳቬጅም ቢሆን አልጠፋም፤ ያንኑ ንድፍ በትንሽ ካሊበር፣ በኪስ የሚያዝ አድርጎ ለገበያ አወጣው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የፈረንሳይ ጦር ብዙ ሺህ ገዛው።