በመጋዘን የተወለደ እርጋታ

ሙዚቃ ሁልጊዜ ለጭፈራ አይደመጥም። ሥራው አልቆ፣ መብራቱ ዝቅ ብሎ፣ ሰው ከራሱ ጋር ሲቀመጥ የሚደመጥም አለ። ዛሬ ዓለም «ዲፕ ሀውስ»፣ «ሶልፉል ሀውስ»፣ «ዳውንቴምፖ» እያለ የሚጠራው ሙዚቃ ከዚህ ወገን ነው። በየካፌው፣ በየሆቴሉ መግቢያ፣ በየመኪናው ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈስሳል፤ ማንንም አይረብሽም፤ ማን እንደሠራውም የሚጠይቅ አይገኝም። ስለዚህም ብዙ ሰው የድሎት ጌጥ፣ ኑሮ የተመቻቸው ሰዎች ሙዚቃ አድርጎ ያየዋል። ታሪኩ ግን የሚነግረን ሌላ ነው። ይህን እርጋታ የሠሩት ማረፊያ ያጡ ሰዎች ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጋዘኑ

በ1977 በአሜሪካዋ ቺካጎ፣ በደቡብ ጄፈርሰን ጎዳና ቁጥር 206፣ ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ ሰው በአንድ አሮጌ የኢንዱስትሪ ሕንፃ ውስጥ የጭፈራ ቤት ከፈተ። ቤቱም «ዌርሃውስ» ተባለ፤ መጋዘን ማለት ነው። ሸክላ እንዲያጫውት ከኒውዮርክ ያስመጣው ፍራንኪ ናክልስ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ወደዚያ ይመጡ የነበሩት በአብዛኛው ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ነበሩ። በቀለማቸው ምክንያት የከተማው ትልልቅ ጭፈራ ቤቶች በር ይጠብባቸዋል፤ በፍቅራቸው ምክንያት ደግሞ ብዙዎቹን የገዛ ቤታቸው አይቀበላቸውም። ናክልስ ያንን አዳራሽ በቤተ ክርስቲያን ይመስለው የነበረው ያለ ነገር አይደለም። ሌላ ደጅ የተዘጋበት ሰው የሚገባበት ደጅ ነበርና።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1979፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ነገር ሆነ። ስቲቭ ዳል የተባለ የሬዲዮ አቅራቢ በኮሚስኪ ፓርክ የቤዝቦል ስታዲየም የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ የማጋየት ትዕይንት አዘጋጀ። የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም ይገባ ነበር። ወደ 50,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተሰበሰበ። ፈንጂው ሸክላዎቹን ሲበታትን ሕዝቡ ወደ ሜዳው ጎረፈ፤ ሣሩ ተቃጠለ፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ። በዚያን ምሽት በስታዲየሙ አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ የነበረው ጥቁር ወጣት ቪንስ ሎረንስ ከጊዜ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ሰዎች ይዘዋቸው ከመጡት ሸክላዎች ብዙዎቹ ዲስኮ እንኳ አልነበሩም፤ የጥቁሮች ሙዚቃ ብቻ ነበሩ። ይኸው ወጣት በ1984 ከጄሲ ሳንደርስ ጋር ሆኖ ከመጀመሪያዎቹ የሀውስ ሸክላዎች አንዱ የሆነውን «ኦን ኤንድ ኦን» አወጣ።

የዲስኮ ገበያ ሲቀዘቅዝ አዳዲስ ሸክላዎች አነሱ። ናክልስ ግን ባለው መጠቀምን ያውቅበት ነበር። የድሮዎቹን ዘፈኖች በቴፕ እየገለበጠ፣ ቴፑን እየቆረጠና እየቀጠለ፣ ሦስት ደቂቃ የነበረውን ዘፈን ወደ አሥር ደቂቃ ይዘረጋው ጀመር። ድምፃዊው ዝም በሚልበት፣ ከበሮና ቤዝ ብቻ በሚቀሩበት ቦታ ላይ ይቆያል። ሕዝቡ ይህን ዘይቤ በቤቱ ስም ጠራው፤ «ዌርሃውስ» ከሚለው ቃል ኋለኛው ክፍል ብቻ ቀርቶ «ሀውስ» ተባለ ይባላል። የተቃጠለ ሙዚቃ በመጋዘን ውስጥ ሌላ ስም አገኘ።

ሁለት ማሽኖች

እርጋታው ግን ገና ነበር። የቺካጎ ሀውስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጣንና ሻካራ ነበር። ልስላሴን ካመጡለት ሰዎች ዋነኛው በ1960 በቺካጎ የተወለደው ላሪ ኸርድ ነው። ኸርድ በባንዶች ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር፤ ከበሮ መቺ ብቻ ሆኖ መቅረት ግን አልፈለገም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ገዛና ብቻውን ቤቱ ተቀመጠ።

ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱም ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። ጁኖ 60 የተባለው ኪቦርድ ስድስት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ድምፁ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ቲአር 909 የተባለው የከበሮ ማሽን ደግሞ በ1983 ለገበያ ቀርቦ ሳይወደድ ቀረ። እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተባለ፤ ወደ 10,000 ገደማ ብቻ ተሠርቶ ምርቱ ቆመ። ስለዚህም ያገለገለው በርካሽ ይገኝ ነበር፤ ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች እጅ የገባውም በዚህ መንገድ ነው። ገበያ የጣለውን ማሽን፣ ሕዝብ የጣለውን ሙዚቃ የያዙ ሰዎች አነሡት።

ኸርድ «ሚስተር ፊንገርስ» በሚል ስም በ1986 ያወጣው «ካን ዩ ፊል ኢት» የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ዘፋኝ የለበትም። ከበሮው እንደ ሀውስ ሁሉ እኩል ይመታል፤ ቤዙ አንድ ሐሳብ ይዞ ይመላለሳል፤ ከላይ ግን ከጃዝ የተወሰዱ ሰፋፊ ኮርዶች ቀስ ብለው ይከፈታሉ፣ ቀስ ብለው ይዘጋሉ። እግር ይራመዳል፤ ልብ ግን ተቀምጣለች። የዲፕ ሀውስ ምስጢር ይህ ይመስለኛል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 120 ምት የሚጠጋ ሆኖ ሳለ ዝግ ያለ የሚመስለን ከበሮውና ኮርዱ በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ስለሚኖሩ ነው። ትዝታን በክራር የሰማ አንባቢ ስሜቱን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለቱ ሙዚቃዎች የታሪክ ዝምድና የላቸውም፤ በሁለቱም ውስጥ ግን ሐዘኑ ሰውን ሳይጥል ያሳርፋል።

ቃል ስላልነበረው ሌሎች ቃል ፈለጉለት። ከታወቁት ቅጂዎች በአንዱ ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግ የ1963ቱ የዋሽንግተን ንግግር ተደርቦበት ይሰማል። ንግግሩ በዚያ ቤዝ ላይ ባዕድ አይመስልም። በዚህ ለስላሳ ሙዚቃ ውስጥ አስቀድሞ ይጠበቅ የነበረው ምን እንደሆነ ይህ ብቻ ይናገራል።

ከጭፈራው ጎን ያለች ክፍል

ሀውስ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ሲደርስ በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጣቱ እብደት ሆነ። ፍጥነቱም ጨመረ፣ ሌሊቱም ረዘመ። ስለዚህ ማረፊያ አስፈለገ። በ1989 በለንደኑ «ሄቨን» ጭፈራ ቤት፣ «ላንድ ኦፍ ኦዝ» በተባለው ምሽት፣ አሌክስ ፓተርሰንና ጂሚ ኮቲ በአንዲት የጎን ክፍል ከበሮ የሌለው ሙዚቃ ያሰሙ ጀመር። የደከመ ወደዚያ እየገባ ይቀመጣል። ኮቲ ከባልደረባው ከቢል ድራመንድ ጋር በ1990 ያወጡት አልበም «ቺል አውት» ተባለ።

በዚያው ዘመን በስፔኗ ኢቢዛ ደሴት ሆዜ ፓዲያ የተባለ ዲጄ ሌላ ዓይነት እረፍት ይፈልግ ነበር። የቀዳቸውን ካሴቶች በገበያ እየሸጠ የኖረው ይህ ሰው ከ1991 ጀምሮ በ«ካፌ ዴል ማር» ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትጠልቅ የሚሰማውን ሙዚቃ የሚመርጠው እርሱ ሆነ። ከ1994 ጀምሮ ምርጫዎቹ በሲዲ ታትመው በዓለም ተሸጡ። በዚያው ዓመት ኸርድ ትርጉሙ «ትዕይንቶች እንጂ ዘፈኖች አይደሉም» የሚል አልበም አወጣ። ከጭፈራ የተነሣው ሰው ጭፈራውን ትቶ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ ማለት ነው።

አፍሪካም ዝግታውን በራሷ መንገድ ወሰደችው። በ1990ዎቹ፣ አፓርታይድ ሲያከትም፣ የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ወጣቶች የሀውስን ፍጥነት ዝቅ አድርገው በራሳቸው ቋንቋዎች ዘፈኑበትና «ክዋይቶ» አሉት። ከዚያች አገር የተነሣው ዲጄ ብላክ ኮፊ በ2022 በዳንስና ኤሌክትሮኒክ አልበም ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ተቀበለ።

የማን ነው?

እስካሁን ያነበብነው ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን እርጋታው ዓለምን ሲዞር የሠሪዎቹ ኪስ አብሮ አልዞረም። በሰኔ 2020 ላሪ ኸርድና የሥራ ባልደረባው ድምፃዊ ሮበርት ኦዌንስ ሙዚቃቸውን ያሳተመውን «ትራክስ ሬከርድስ» በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። አቤቱታቸው የሠራነው ሥራ ለአሥርት ዓመታት ሲሸጥ የሚገባን ሮያሊቲ አልተከፈለንም፣ መብቱም የእኛ ነው የሚል ነበር። በ2022 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ የሥራዎቻቸው መብትም ተመለሰላቸው። «ካን ዩ ፊል ኢት» ወደ ደራሲው የተመለሰው ከወጣ ከ36 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አርፎበታል!

ናክልስም ክብር አግኝቷል፤ በ1998 የግራሚ ሽልማት ድርጅት ለሙዚቃ አቀናባሪ ዲጄዎች የሰጠውን የመጀመሪያ ሽልማት ወሰደ፤ በ2004 ቺካጎ መጋዘኑ ያለበትን መንገድ በስሙ ጠራችው። በ2014 በ59 ዓመቱ አረፈ። ሕንፃው ራሱ በይፋ የከተማዋ ቅርስ የሆነው በ2023 ነው። ሸክላዎቹ በስታዲየም ከተቃጠሉ ከ44 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ቃል ግጥሞቻችን ብዙዎቹ ገጣሚያቸው አይታወቅም፤ ግጥሙ በሰው አፍ ይኖራል፣ የተናገረው ሰው ግን ጠፍቷል። ለስላሳ ሙዚቃም ለዚህ ዕጣ ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። የሚጮኽ ዘፈን ጆሮ ይይዛል፣ የዘፋኙም ስም ይጠየቃል። ዝግ ያለው ግን «ለጥናት»፣ «ለእንቅልፍ»፣ «ለእረፍት» ተብሎ በዝርዝር ይደረደርና ግድግዳ ላይ እንዳለ ቀለም ይሆናል። የሚያሳርፍ ነገር ሁሉ ሳይታወቅ የመረሳት አደጋ አለበት። እናት በሌሊት የዘረጋችውን ብርድ ልብስ ማን አመስግኖ ያውቃል?

ስለዚህ ይህን ሙዚቃ ስንሰማ መነሣትም መጨፈርም አያስፈልገንም፤ ሙዚቃው ራሱ ይህን አይጠይቅም። ስማቸውን ማወቅ ግን ከእኛ የሚጠበቅ ትንሽ ዕዳ ነው። ፍራንኪ ናክልስ፣ ላሪ ኸርድ፣ ሮበርት ኦዌንስ። ራሳቸው ሳያርፉ ሌላውን ያሳረፉ ሰዎች ናቸው።