አምሮትን መታገል ወይስ ማሳለፍ?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ወር የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች የጤና ምርመራ እንድናደርግ ታዝዘን ስንመረመር፣ በእኔ ወረቀት ላይ ሁለት የማያስደስቱ ቁጥሮች ተጽፈው መጡ፡፡ ክብደቴ 94 ኪሎ ግራም፣ ምግብ ሳልቀምስ የተለካው የደም ስኳሬ ደግሞ በዴሲ ሊትር 118 ሚሊ ግራም ነበር፡፡ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው፡፡ ሐኪሟ ወረቀቱን አዩና «ስኳር በሽታ አይደለም፤ መንገዱ ላይ ግን ነዎት፡፡ ከቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ፡፡ አባቴ በስኳር በሽታ የተነሳ ቀኝ እግራቸው ተቆርጦ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ነገርኳቸው፡፡ ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራንም፡፡

ለማያውቁ አንባቢያን፣ በአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መለኪያ መሠረት ከምግብ በፊት የተለካ የደም ስኳር ከ100 እስከ 125 ከሆነ ቅድመ ስኳር በሽታ ይባላል፡፡ በተደጋገመ ምርመራ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በሽታው ራሱ ነው፡፡ መልካሙ ዜና ከዚህ መንገድ መመለስ መቻሉ ነው፡፡ በአሜሪካ ከ3,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ድጋፍ የተደረገላቸው ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፡፡ የእኔ 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ተኩል ነው፡፡ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፡፡

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ቁጥር አያስፈራኝም፡፡ የሚበላውንና የማይበላውን በወረቀት ላይ አስፍሬ ጀመርኩ፡፡ በሁለተኛው ሳምንት የጣለኝ ግን ርሃብ አልነበረም፡፡ ምሳዬን በደንብ በልቼ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከቢሮአችን ሥር ካለው ካፌ የሚወጣው የቦምቦሊኖ ሽታ ነው፡፡

ራበኝ እና አማረኝ

ቋንቋችን ሁለቱን ነገሮች ለይቶ አስቀምጧቸዋል፡፡ «ራበኝ» የሚል ሰው የቀረበለትን ይበላል፡፡ «አማረኝ» የሚል ሰው ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ቢሰጡት አይጠግብም፡፡ እኔ ይህንን እንደ መፈተኛ እጠቀምበታለሁ፡፡ አንድ ነገር ሲያምረኝ «አሁን ትናንት ያደረ ሽሮ በእንጀራ ቢሰጡኝ እበላለሁ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፡፡ መልሱ አዎ ከሆነ ርሃብ ነውና መብላት አለብኝ፡፡ አይ፣ ቦምቦሊኖ ካልሆነ የምል ከሆነ ግን አምሮት ነው፡፡

በሀገራችን አምሮት ሲባል ቶሎ የምትታወሰው ነፍሰ ጡር ናት፡፡ ያማራት ነገር ካልተገኘላት ሕፃኑ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል፡፡ ከዚህ ልማድ የተነሳ ይመስለኛል፣ ብዙዎቻችን አምሮት ማለት ሰውነት የጎደለውን ነገር ሲጠይቅ ነው ብለን እናምናለን፡፡ በአብዛኛው ግን እንዲያ አይደለም፡፡ ቦምቦሊኖ የሚጎድለው ሰውነት የለም፡፡ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ፤ አፈር ወይም በረዶ የመብላት ፍላጎት ብዙ ጊዜ ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር ስለሚያያዝ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፡፡

ታዲያ አምሮት ከየት ይመጣል? ጉዳዩን ያጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እንደሚገልጹት አምሮት በአእምሮ ውስጥ በሚሳል ምስል ይጀምራል፡፡ ሽታ፣ ሰዓት፣ ቦታ ወይም ስሜት አንድን ሐሳብ ይቀሰቅሳል፤ እኛ ደግሞ ምስሉን እናሳምረዋለን፡፡ የቦምቦሊኖው ሙቀት፣ ከላይ የተነሰነሰው ስኳር፣ ከማኪያቶው ጋር ሲነከር... ይህን ስጽፍ እንኳ ምራቄ መጥቷል፡፡

አታስብ ሲሉት

የመጀመሪያ ስልቴ ሐሳቡን በጉልበት ማባረር ነበር፡፡ ይህ እንደማይሠራ ብዙዎቻችሁ ሞክራችሁ ታውቁታላችሁ፡፡ ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ» ብሎ አዘዛቸው፡፡ ድቡ ከአእምሯቸው አልወጣ አለ፡፡ ክልከላው ከተነሳ በኋላም ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ ስለ ድቡ አሰቡ፡፡ «ቦምቦሊኖ ዕድሜ ልክ እርም» ብሎ መማልም ያው ነው፡፡

የተሻለው መንገድ ለምስሉ ሌላ ምስል መተካት ነው፡፡ በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ቴትሪስ የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ለ3 ደቂቃ ያህል የተጫወቱ ሰዎች አምሮታቸው ቀንሶ ተገኝቷል፡፡ ጨዋታው ዓይነ ኅሊናን ስለሚይዝ ለምግቡ ምስል ቦታ አይተርፍም፡፡ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የ15 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ የቸኮሌት አምሮትን እንደሚቀንስ አሳይቷል፡፡ እኔ በ10 ሰዓት ላይ በደረጃ ወርጄ፣ በካፌው በር ሳይሆን በጀርባ በኩል ወጥቼ፣ ሕንፃውን ሁለት ጊዜ እዞራለሁ፡፡ የጥበቃ ሠራተኞቹ መጀመሪያ ላይ ግራ ተጋብተው ነበር፤ አሁን ለምደውኛል፡፡

ሌላው የረዳኝ ነገር አምሮት የሚያልፍ መሆኑን ማወቄ ነው፡፡ አላን ማርላት የተባሉት አሜሪካዊ የሱስ ሕክምና ተመራማሪ ፍላጎትን እንደ ማዕበል መመልከትን ያስተምሩ ነበር፡፡ ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል፡፡ ካልተመገበ እየጨመረ እስከ ላይ አይሄድም፡፡ ለሦስት ሳምንት ያህል በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አምሮት የጀመረበትንና የለቀቀበትን ሰዓት መዘገብኩ፡፡ አብዛኛው 20 ደቂቃ አልሞላም፡፡ ከዚህ ምዝገባ ያገኘሁት ሌላ ትርፍ አምሮቴ በዘፈቀደ የማይመጣ መሆኑን ማየቴ ነው፡፡ ሁልጊዜ 10 ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ ማታ ቴሌቪዥን ፊት፣ ሁልጊዜ ከአለቃዬ ቢሮ ስወጣ፡፡

ራስን ማስራብ

በሁለተኛው ወር ኪሎው አልወርድ ሲለኝ ምሳ መዝለል ጀመርኩ፡፡ ጠዋት አንድ ማኪያቶ፣ ከዚያ እስከ ማታ ምንም፡፡ ይህ ትልቁ ስሕተቴ ነበር፡፡ ማታ ቤት ስገባ እጄን ሳልታጠብ ዳቦ እቆርሳለሁ፡፡

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ አንስል ኪስ የተባሉት ሳይንቲስት በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞችን ለስድስት ወር ያህል በቀን ወደ 1,600 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየመገቡ አጥንተው ነበር፡፡ ወጣቶቹ ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ ያወሩ ጀመር፤ ከዚያ በፊት ለማብሰል ደንታ ያልነበራቸው ሰዎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ አንባቢ ሆኑ፡፡ ረሃቡ ሲያበቃም ከሚገባው በላይ ይበሉ ነበር፡፡ የሆድ ርሃብ ዕለታዊ አምሮትን እንዴት እንደሚያፋፍም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም፡፡

ሰውነትም በበኩሉ ይሟገታል፡፡ ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ርሃብን ይቀሰቅሳል፤ ከስብ የሚመነጨው ሌፕቲን ደግሞ በቂ ክምችት እንዳለ ለአንጎል ይናገራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ክብደት ከቀነሱ ሰዎች ላይ እነዚህ ሆርሞኖች ከአንድ ዓመት በኋላም ወደ ቀድሞ መጠናቸው እንዳልተመለሱ አሳይቷል፡፡ ስለዚህ ኪሎ ቀንሶ ምግብ የሚያምረው ሰው ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም፡፡

አሁን ጠዋት እንቁላል፣ ፉል ወይም ቂንጬ ሳልበላ ከቤት አልወጣም፡፡ ምሳ ላይ ምስሩንና ጎመኑን አበዛለሁ፣ እንጀራውን ወደ አንድ አወርዳለሁ፡፡ ፕሮቲንና አሰር ያለው ምግብ ቶሎ ስለማይፈጭ የ10 ሰዓቱን ማዕበል ዝቅ ያደርገዋል፡፡

ከምግብ ውጪ ያለ ግን ያልጠበቅሁት ምክንያት እንቅልፍ ነው፡፡ ሰኔ ላይ ሒሳብ ስንዘጋ እስከ እኩለ ሌሊት እናመሻለን፤ በዚያ ወር ያማረኝን ጣፋጭ ቆጥሬ አልጨርሰውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣቶች ለሁለት ሌሊት በአራት ሰዓት እንቅልፍ ሲገደቡ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ከተኙባቸው ሌሊቶች ጋር ሲነጻጸር ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨምሯል፣ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ወርዷል፡፡

ስኳር በሲኒ፣ ዘይት በፆም

ብዙዎቻችን ጣፋጭ አንበላም ብለን እንምላለን፡፡ እስኪ እንቁጠር፡፡ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ ስድስት ማንኪያ ነው፡፡ አንዱ ማንኪያ ሳይከመር 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ ከአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ብቻ 24 ግራም እናገኛለን፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፡፡ 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው፡፡ ከምሳ ጋር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከተጨመረበት ደግሞ ሌላ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፡፡ እኔ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ያለ ስኳር ወደ መጠጣት ደርሻለሁ፡፡ ምላስ ይለምዳል፤ ዛሬ ስኳር የበዛበት ቡና አፌን ያጣብቀኛል፡፡

ፆምም ቢሆን በራሱ ክብደት አይቀንስም፡፡ ሥጋና ቅቤ ስለቀረ ብቻ ቀለለ ብለን ዘይቱን በሽሮው ላይ፣ ሳምቡሳውን በሻይው ላይ፣ የፆም ኬኩን በእራቱ ላይ እንጨምራለን፡፡ በዐቢይ ፆም የቀነስኩት አንድ ኪሎ ብቻ ነው፡፡ በፋሲካ ደግሞ ጉድ ሆንኩ፡፡ ዶሮ ወጡን በላሁ፤ ይህ ምንም አልነበረም፡፡ ግን «ዛሬስ አንዴ ተበላሽቷል» ብዬ ቀጠልኩ፤ ነገሩ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ዘልቆ ሁለት ኪሎ ተኩል ጨመርኩ፡፡ ይህም የታወቀ ወጥመድ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ሙከራ ምግባቸውን የሚቆጥቡ ሰዎች ወተትና አይስክሬም የተቀላቀለበት መጠጥ ከጠጡ በኋላ የቀረበላቸውን አይስክሬም በመቀነስ ፈንታ አብዝተው በልተዋል፡፡ ዶሮ ወጡ ሳይሆን «ተበላሽቷል» የሚለው ቃል ነው ያወፈረኝ፡፡ አሁን ያማረኝን ነገር በቀጠሮ እበላለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቦምቦሊኖ፣ ተቀምጬ፣ ስልኬን አስቀምጬ፡፡

መጠንቀቅ የሚገባን ነገሮች አሉ፡፡ የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ድንገት የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያስልብ ርሃብ ከተሰማው ያ አምሮት አይደለም፡፡ የደም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ማዕበሉን ልጠብቅ ሳይል ወዲያውኑ ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለበት፡፡ በድብቅና ማቆም እስኪያቅት ድረስ ደጋግሞ የሚበላ፣ ከዚያም በራሱ የሚያፍር ሰውም ሕክምና ያለው ችግር እንደገጠመው ይወቅና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክር፡፡ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መድኃኒቶች መምጣታቸው እውነት ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ለክብደት መቀነሻ ተፈቅዷል፡፡ ይህ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው፡፡ በየገበያው «በወር 10 ኪሎ» እየተባለ ስለሚሸጠው ሻይ የምለው፣ ብዙው ማስቀመጫ ነው፤ የሚያወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፡፡

ከሁሉም የከበደኝ የራሴ ሆድ ሳይሆን የሰው ግብዣ ነው፡፡ በእኛ ሀገር የቀነሰ ሰው አይደነቅም፤ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ይባላል፡፡ እናቴ ዘንድ እሑድ ስሄድ «በሞቴ ይህቺን ብቻ» የሚለው ጉርሻ በአንድ አያበቃም፡፡ እንቢ ማለት እሷን መግፋት ይመስላል፡፡ ብዙ ወራት ሰበብ ስደረድር ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን የምርመራ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩና «እማዬ፣ የአባባን እግር ታስታውሺያለሽ?» አልኳት፡፡ ወረቀቱን ማንበብ አትችልም፤ ግን ለረጅም ጊዜ እጇ ላይ ያዘችው፡፡

አሁን 87 ኪሎ ነኝ፡፡ ባለፈው ወር የተለካው ስኳሬ 103 ነው፤ ገና ከመስመሩ አልወጣሁም፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ቀጠሮ አለኝ፡፡ ባለፈው እሑድ እናቴ ቡና ስታፈላ ስኳሩን ከረከቦቱ አንስታ ከበስተጀርባዋ አስቀመጠችው፤ ጎረቤቷ ሲጠይቋት «ዛሬ አልቋል» አለቻቸው፡፡