የጣና ውኃና የኩላሊት ጠጠር

በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት የጥንት ግሪክ የሕክምና ድርሳናት መካከል ስለ አየር፣ ስለ ውኃና ስለ ቦታ የሚናገር አንድ መጽሐፍ አለ። ይህ ድርሳን የሽንት ጠጠር የሚይዛቸው ሰዎች ከልዩ ልዩ ምንጭ የተቀላቀለ ውኃ የሚጠጡ ናቸው ይላል። በምሳሌነት የሚያነሣውም ሌሎች ወንዞች የሚገቡባቸውን ታላላቅ ወንዞችና ብዙ ጅረቶች የሚፈስሱባቸውን ሐይቆች ነው። እንደ ደራሲው አስተሳሰብ፣ ባሕርያቸው የተለያየ ውኆች ሲገናኙ እርስ በርስ አይስማሙም፤ የተሸከሙት ጭቃና አሸዋም ይዘቅጣል፤ ከዚህ ዓይነቱ ውኃ በሰው ገላ ውስጥ ጠጠር ይፈጠራል።

ይህ ፍርድ ትክክል ቢሆን ኖሮ ከጣና ዳርቻ ነዋሪ ከጠጠር የሚያመልጥ ባልተገኘ ነበር። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ደለል ተሸክመው የሚገቡት ወደዚሁ ሐይቅ ነውና። የሚያስገርመው ግን የሂፖክራተስን ድርሳን አይቶ የማያውቅ ሰውም እስከ ዛሬ ይህንኑ ፍርድ መስጠቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሐሩር፣ በባሕር ዳር አካባቢ በቅየሳ ሥራ ላይ ሳለ ጎኑን የሚሰቀስቅ ሕመም ጣለው። ምርመራው የኩላሊት ጠጠር መሆኑን ባሳወቀ ጊዜ የመጀመሪያ ቃሉ «የሐይቁ ውኃ ነው» የሚል ሆነ። ሐኪሙ ግን ስለ ውኃው ዓይነት አልጠየቁም፤ «በቀን ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ?» አሉ። መልሱ የሚያሳፍር ነበር፤ ጧት አንድ ሻይ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ በመካከሉ ሙሉ ቀን ፀሐይ።

በሽታው አዲስ አይደለም። የጣና ውኃ በዓባይ በኩል በሚደርስባት በግብፅ፣ ኤል አምራ በተባለ ስፍራ፣ ከ5000 ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው የአንድ ወጣት መቃብር ውስጥ የፊኛ ጠጠር እ.ኤ.አ. በ1901 ተገኝቷል። የጠጠሩ ምንነት የታወቀው ግን ዘመናዊው ኬሚስትሪ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 ስዊድናዊው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ቪልሄልም ሼሌ የፊኛ ጠጠር መርምሮ ዛሬ ዩሪክ አሲድ የምንለውን አገኘ። ከዚህ የሚበልጠው ግኝቱ ግን ይኸው አሲድ በሰው ሽንት ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኝ መሆኑን ማሳየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 ደግሞ እንግሊዛዊው ዊልያም ሃይድ ዎላስተን ሌሎች ጠጠሮች ከካልሲየም ኦክሳሌትና ከፎስፌት የተሠሩ መሆናቸውን ገለጸ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ተለወጠ። «ጠጠሩ ከየት ገባ?» መባሉ ቀርቶ «በሁሉም ሰው ሽንት ውስጥ ሟሙቶ የሚኖረው ነገር በአንዳንዱ ሰው ለምን ይጠጥራል?» ተባለ።

መልሱ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። በተወሰነ ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ጨው ወሰን አለው። ሽንት ሲያንስና ሲወፍር፣ በውስጡ ያሉት ካልሲየምና ኦክሳሌት ከወሰናቸው አልፈው ይገናኙና ክሪስታል ይሆናሉ። ይህን የሚከላከል ኃይልም በዚያው ሽንት ውስጥ አለ፤ ለምሳሌ ሲትሬት ካልሲየሙን ይዞ ከኦክሳሌት ጋር እንዳይጣመር ያደርገዋል። የአሲድነቱም መጠን ወሳኝ ነው። የሽንቱ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ዩሪክ አሲድ መሟሟት ይቸግረዋል። በአንጻሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዩሪያን ወደ አሞኒያ ሲለውጡ ሽንቱ አልካላይን ይሆንና የማግኒዥየምና የአሞኒየም ፎስፌት ጠጠር ይበቅላል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ግን በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ ማንቆርቆሪያውን አይቶ በኩላሊት ላይ መፍረድ ስሕተት ነው።

ሂፖክራተስን የሚረታው ምስክር ራሱ ጣና ነው። ከሐይቁ ገጽ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ውኃ ይተናል፤ የሚተነውም ጨዉን ትቶ ነው። ያም ሆኖ ጣና ጨው አልሆነም፤ ዓባይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮም የጣና በለስ ዋሻ፣ የሟሟውን ጨው ይዘው ይወጣሉና። አዋሽ የሚያልቅበትን የአቤን ሐይቅ እንመልከት። የሚገባው ወንዝ ለመጠጥና ለመስኖ የሚውል ነው፤ ሐይቁ ግን መውጫ ስለሌለውና ውኃው በትነት ብቻ ስለሚሄድ ጨዋማ ሆኗል። በሰው ገላ ላብ ትነት ነው፣ ሽንት መውጫ ነው። በሐሩር የሚሠራና የማይጠጣ ሰው መውጫውን አጥብቦ ገላውን ከጣና ወደ አቤ ይለውጠዋል። እንግዲህ ዋናው ነገር የገባው ውኃ ከስንት ወንዝ ተቀላቀለ ሳይሆን ምን ያህል ወጣ የሚለው ነው።

ይህ በሥራ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ የጣልያን ሐኪሞች ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የካልሲየም ጠጠር የያዛቸው 199 ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ለ5 ዓመታት ተከታተሏቸው። ውኃ በብዛት እንዲጠጡ ከተደረጉት ጠጠሩ የተመለሰባቸው ከመቶ 12 ያህሉ ሲሆኑ፣ ካልታዘዙት ወገን ግን 27 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚሁ ተመራማሪዎች በ120 ወንዶች ላይ ባወጡት ጥናት ደግሞ ወተትን የመሰለ የካልሲየም ምግብ መከልከሉ እንደማይበጅ ታየ። ይልቁንም ካልሲየሙን ሳይነኩ ጨውንና ሥጋን መቀነስ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ካልሲየም በአንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ስለሚይዘው ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ኦክሳሌት ያንሳልና።

የማኅበራችን አባላት ይህን ታሪክ ለዕውቀት ብቻ እንዳያነቡት አደራ እንላለን። ለኮንክሪት የሚሆነውን ውኃ በሊትር ለክተን እንሰፍራለን፤ ለአናጢው፣ ለግንበኛውና ለቀያሹ የሚሆነውን ግን የለካነው ጥቂት ነን። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ለሌላው ግን በቀን 2 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሽንት የሚያወጣ መጠጥ ይበጃል፤ በሐሩር ደግሞ ላቡ የሚወስደው ይታከልበት። ሠራተኛው፣ ይልቁንም ሴት ሠራተኛ፣ መጸዳጃ ቤት የሌለበት ቦታ ስትውል ሆን ብላ ሳትጠጣ መዋሏን ብዙዎቻችን አይተናል። ስለዚህ በሥራ ቦታ ዕቅድ ላይ የመጠጥ ውኃ በርሜልና ጥላ ያለው መጸዳጃ ከሲሚንቶው መጋዘን እኩል ቦታ ይሰጣቸው። የታላቅ ሐይቅ ጎረቤት ሆኖ በውኃ እጦት መታመም ለሐኪም ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።