ውልና ኅሊና

ነጋዴ ዕቃውን በመርከብ ከመላኩ በፊት መድን (ኢንሹራንስ) ቢገባ ብልህነት ነው። ማዕበል ቢነሣና ዕቃው ቢሰጥም፣ አንዱን ሰው ያጠፋ የነበረው ጉዳት ለብዙዎች ተከፋፍሎ ይቀላል። እኔም ይህን ሥርዓት ከሰው ልጅ መልካም ዘዴዎች አንዱ አድርጌ እቈጥረው ነበር። የዞንግን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን ውል ብቻውን ደግነትን እንደማያመጣ ተረዳሁ።

ዞንግ የሊቨርፑል ነጋዴዎች መርከብ ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኦገስት 1781 ዓ.ም. 442 አፍሪካውያንን በባርነት ጭና ከአክራ ተነሣች። መርከበኞቹ ጃማይካን ሌላ ደሴት መስላቸው አልፈዋት ሄዱ፤ በሽታ ገባ፤ ውሃም አነሰ ተባለ። በጊዜው በነበረው የመድን ሕግ፣ ባሪያ ታሞ ቢሞት ኪሳራው የባለ መርከቡ ነው፤ የቀሩትን ለማዳን ግድ ሆኖ ወደ ባሕር ቢጣል ግን መድን ሰጪው ይከፍላል። ከኖቬምበር 29 ቀን ጀምሮ ከ130 የሚበልጡ ሰዎች ከነነፍሳቸው ወደ ባሕር ተጣሉ።

ባለ መርከቦቹ ስለ እያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ ጠየቁ፤ በ1783 ተፈረደላቸው። መድን ሰጪዎቹ ግን ነገሩ እንደገና ይታይ ብለው አመለከቱ። ዝናብ ከዘነበ በኋላም ሰዎች እንደ ተጣሉ ስለ ተገለጠ፣ ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ አዲስ ችሎት ፈቀደ። ዳሩ ግን ክርክሩ «ማን ይክፈል?» የሚል እንጂ «ማን ገደለ?» የሚል አልነበረም።

ከባርነት ነጻ የወጣው ኦላውዳ ኤኲያኖ ወሬውን ለግራንቪል ሻርፕ ነገረው። ሻርፕም ገዳዮቹ በነፍስ እንዲጠየቁ ብዙ ደከመ፤ ሆኖም አንድ ሰው እንኳ አልተከሰሰም። ድካሙ ግን ፈጽሞ ከንቱ አልሆነም። በ1790 የወጣው ሕግ ወደ ባሕር ስለ ተጣለ ባሪያ የመድን ገንዘብ እንዳይከፈል ከለከለ፤ በ1807 ደግሞ እንግሊዝ የባሪያን ንግድ በሕግ አገደች።

እኔም የሚደርሰኝን ገንዘብ ብቻ እያየሁ ስንት ወረቀት ፈርሜአለሁ! አንባቢ ሆይ፤ ውል በምትፈርምበት ጊዜ «ኪሳራው የማን ነው?» ከማለትህ አስቀድመህ «የሚጐዳው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። በዞንግ ውል ባለ መርከብና መድን ሰጪ ተስማሙ፤ የሞቱት ግን በዕቃ ተራ ተቈጠሩ እንጂ ማንም አልጠየቃቸውም።