ከእጅ የሚሻል ዶማ

«ከእጅ አይሻል ዶማ» ይላሉ አበው። ስሙ መሣሪያ ሆኖ ሥራ ላይ ሲውል ከባዶ እጅ የማይበልጠውን ነገር የሚተቹበት አባባል ነው። ዛሬ ለውድ አንባቢያን ላነሣው የወደድሁት በዚህ አባባል ፊት ቆሞ ሊመረመር የሚገባው አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለቱም፣ ወስፌውም፣ ካቻቢቴውም፣ ፒንሳውም በአንድ እጀታ ውስጥ ተጣጥፈው ከኪስ የሚገቡበት ሁለገብ ሰንጢ። ስሙ እንኳ ገና አልጸናለትም፤ አንዱ ሰንጢ ሲለው ሌላው ፒንሳ ይለዋል። እኔ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሥራ ስመላለስ ከኪሴ ስለማይለይ ጥቅሙንም ጉድለቱንም ለማየት ጊዜ አግኝቻለሁ። ይሁን እንጂ እዚህ የማቀርበው የሸማች ምክር አይደለም። ዕቃው ሲዘረጋ የእኛም ታሪክ አብሮ ይዘረጋልና ከዚያ ልነሣ።

እስቲ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በአማርኛ እንጥራቸው። ስለት፣ ወስፌ፣ ወረንጦ፣ ሞረድ። እነዚህ ከጥንት በቤታችን የነበሩ ስሞች ናቸው። ቀጥለን ፒንሳ እንላለን፤ ካቻቢቴ እንላለን፤ ካቻቢቴው የሚፈታውንም ብሎን እንለዋለን። እነዚህ ደግሞ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከአንድ መዳፍ በማይበልጥ ዕቃ ላይ ሁለት ዘመናት ተጎራብተው ተቀምጠዋል፤ አንዱ የእሾህና የስፌት፣ የቆዳና የእርድ ዘመን፣ ሌላው የመንገድና የመኪና ዘመን።

ወሎዬ ከሁለገቡ ሰንጢ በፊትም ባዶ እጁን አልሄደም። በባዶ እግሩ የሚጓዝ ሰው እሾህ ይወጋዋልና ወረንጦ ያስፈልገው ነበር። ከብር የተሠራ የጆሮ ኩክ ማውጫ እንደ ጌጥ ከአንገት ክር ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ጌጥና መሣሪያ ገና ያልተለያዩበት ጊዜ ነው። መሶብና ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ወስፌዋ ከእጇ አይለይም፤ ወስፌው መንገድ ካልከፈተ ሣሩ አያልፍም። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባቲ፣ በሰኞው ገበያ፣ ደገኛውና ቆለኛው ሲገናኝ የአፋሩ ሰው ጊሌውን በወገቡ ታጥቆ ይመጣል። ጊሌ ጎበጥ ያለ ባለሁለት ስለት ጩቤ ነው፤ ለእርድም፣ ለመቁረጫም፣ ራስን ለመከላከልም ይሆናል። እንግዲህ ዕቃን ከአካል ሳይለዩ መያዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻው መሆኑ ነው። ወረንጦ የሌለው ከባለ ወረንጦው፣ ወስፌ የሌላት ከጎረቤቷ ትዋሳለች። መሣሪያው ነጠላ ሲሆን ሁለገቡ መንደሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ከእሳት ያወጣው ማን ነበር? ባለእጁ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ወረንጦውንና ወስፌውን የቀጠቀጠ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ከማኅበር ተገልሎ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ልማዱ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል። ስለቱን እየፈለግን ስለት ሠሪውን ናቅነው። አንባቢ ይህን ነጥብ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ዘመን የገባው በጦርነት ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሠፈራቸውን ደሴ ላይ አድርገው ሳለ ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ደሴ ገባ። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን ለማጓጓዝ መንገድ ያስፈልገው ነበርና አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአሥመራ የሚያገናኘውን ጎዳና ሠራ፤ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደውንም ዘረጋ። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከፋሺስት እጅ ወጣች። ወራሪው ሄደ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። መኪናው፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ላሜራው፣ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ሁሉም በዚያው ስማቸው ጸኑ። በኋላም «ትሬንታ ኳትሮ»ና «ኤንትሬ» ተብለው የተጠሩት የፊያት የጭነት መኪኖች በእነዚህ ዳገቶች ላይ ሲያቃስቱ፣ ሾፌሩና ረዳቱ ፒንሳና ካቻቢቴን እንጀራ መብያ አደረጓቸው። በግፍ የመጣ ቃል በድሃ ልጅ እጅ ሙያ ሆነ።

የዕቃውን የራሱን ታሪክ ብናይ ደግሞ መነሻው ሩቅ ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ በሚገኘው የፊትዝዊልያም ቤተ መዘክር ውስጥ፣ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በሮማውያን የተሠራ የብር ዕቃ አለ፤ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ስለትና ሌሎችም በአንድ ላይ ታጥፈውበታል። የምናውቀው የኪስ ሰንጢ ግን የስዊዝ ወታደር ልጅ ነው። ካርል ኤልሰነር የተባለ ስለት ሠሪ በ1884 እ.ኤ.አ. በኢባክ መንደር መሥሪያ ቤቱን ከፈተ፤ በ1891 ለአገሩ ጦር የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ያ ሰንጢ አራት ነገር ነበረው፤ ስለት፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ። ካቻቢቴው የገባው የጊዜው አዲስ ጠመንጃ ለመፈታታት ስለሚፈልገው፣ መክፈቻውም ስንቁ በቆርቆሮ መታሸግ ስለ ጀመረ ነው። የመኮንኖቹ ሰንጢ የተመዘገበው በ1897 ነው፤ ከአድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። እናቶቻችን መሶብ የሚሰፉበት ወስፌ በዚያው ጊዜ በስዊዝ ወታደር ኪስ ውስጥ ታጥፎ መገኘቱ ያስደንቀኛል። እጅ ያለው ሁሉ ችግሩ ተመሳሳይ ነውና።

ፒንሳው የመጣው ዘግይቶ ነው። ቲም ሌዘርማን የተባለ አሜሪካዊ በ1975 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት መኪና አውሮፓን ሲዞር መኪናው እየተበላሸ አስቸገረው። ኪሱ ውስጥ ሰንጢ ነበረ፤ የጎደለው ፒንሳ ነበር። አገሩ ገብቶ ዓመታት ከደከመ በኋላ በ1983 ፒንሳን እምብርቱ ያደረገውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ለእኛ አገር ሾፌር ፒንሳን ያስተዋወቀው የጣልያን መኪና፣ ፒንሳን ከሰንጢ ጋር ላጋባውም ሰው ምክንያት ሆነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙና ጉድለቱ ልምጣ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ላይ ግን ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር በአውቶቡስ ስወርድ ሐረጎ ላይ ጉሙ ወርዶ ዝናቡ በረታ፤ የመስታወቱ መጥረጊያም ላልቶ ተንጠለጠለ። ሾፌሩ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ የመሣሪያ ሣጥኑን ቢከፍት ከክሪክና ከጎማ መፍቻ በቀር አንዳች የለበትም። «ጋሼ፣ ያቺን ሰንጢዎን ቢያውሱኝ» አለኝ፤ ቀደም ሲል ብርቱካን ስልጥበት አይቶ ኖሯል። ፒንሳውን ዘርግቼ ሰጠሁት። የላላውን ዳዶ ይዞ አጠበቀው፤ መጥረጊያው ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሦስት ደቂቃ አልበለጠም። በዚያች ደቂቃ ዶማው ከእጅ ይሻል ነበር።

ሾፌሩ ሞተሩን ለማስነሣት ሲሞክር ግን ዝም አለ። የባትሪው ማሰሪያ ዝጎ ላልቷል። ረዳቱ በዚያው ፒንሳ ዳዶውን ቢይዝ ብሎኑ አብሮ ይዞራል። ብሎኑን በካቻቢቴ ለመያዝ ቢያስብ ካቻቢቴውም ያለው እዚያው እጀታ ውስጥ ነው። የሁለገብ ሰንጢ ዋነኛ ጉድለት ይህ ነው፤ ሁሉም አለው፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አይሰጥም። አንዱን ስትዘረጋ ሌላው ይታሰራል። ረዳቱ ከሚያልፍ የጭነት መኪና ሁለት ባለ 13 ቁልፍ ተውሶ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ይዞ፣ በአንድ ትንፋሽ አጠበቀው። ሰንጢዬን መልሶልኝ ሲያበቃ «ደግ ናት፤ ግን ብቻዋን ናት» አለኝ።

ከዚህ አባባል የተሻለ ፍርድ ከማንም አልሰማሁም። የቀሩትን ጉድለቶች ባጭሩ ልዘርዝር። እጀታው አጭር ስለሆነ የጠበቀ ብሎን ለመፍታት ጉልበት አይሰጥም። መቆለፊያ የሌለው ስለት በተገፋ ጊዜ ተመልሶ ጣት ላይ ይታጠፋል። በርካሽ የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራው ዓይነት ብረቱ ልል ነው፤ ፒንሳው መጀመሪያ ባገኘው ጠንካራ ነገር ይጣመማል። አቧራና የብርቱካን ጭማቂ መታጠፊያው ውስጥ ገብተው ያዝጉታልና መታጠብ፣ መድረቅና ዘይት መቀባት ይፈልጋል። በየበሩ ባለው ፍተሻ ደግሞ ስለት ስለት ነው፤ «ለብርቱካን ነው» ቢሉ የሚሰማ የለም፤ አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰውም ከእጅ ሻንጣ መውጣት አለበት። በመጨረሻም፣ ወረንጦ የጠፋበት ሰው ወረንጦ ብቻ ነው የሚጠፋበት፤ ሁለገቡ የጠፋበት ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይጠፋበታል። ጥቅሙ አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው፤ ችግሩ በተፈጠረበት ሰዓት እዚያው ቦታ መገኘቱ። ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ ደሴ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ ቢውል ሐረጎ ላይ ለቆመ ሰው ምኑም አይደለም።

ይህን ነገር ሳሰላስል ከአእምሮዬ የማይወጣ አንድ ዘመን አለ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበሩ። ስንቱ ቤተሰብ በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ በእግሩ ወጣ። ያን ጊዜ ከሰው ጋር የሄደው ከኪስና ከነጠላ ጫፍ የማያልፍ ነገር ነበር። ለስደተኛ መንገድ ትንሽ ሰንጢ ብዙ ነገር ናት፤ ሸራ ትቆርጣለች፣ ገመድ ትበጥሳለች፣ ዳቦ ታካፍላለች። ሰዉ ሲመለስ ግን ሆስፒታሉና ፋብሪካው ተዘርፈውና ተሰባብረው ጠበቁት። የተነቀለ የሆስፒታል መሣሪያ፣ የቆመ የፋብሪካ ሞተር በኪስ ፒንሳ አይጠገንም። ያን ያነሣው ባለሙያው ነው፤ ኤሌክትሪሺያኑ፣ መካኒኩ፣ በያጁ፣ ከየጓዳው የተረፈችውን ቁልፍ ሰብስቦ የመጣው ሠራተኛ። ሁለት ሰው ለሁለት ሳምንት አብሮ ካልለፋ የማይነሣ ሞተር አለ።

ቀደም ሲል ይያዝልኝ ያልሁትን ነጥብ አሁን ላንሣው። ዐፄ ምኒልክ እንዳይሰደብ ያወጁለት ባለእጅ ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ዛሬ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና በደሴ ጋራዦች ውስጥ ናቸው። ከኪሳችን ያለችው ሰንጢ ሁሉን የምንችል አስመስላ እነርሱን ያስረሳችን እንደሆነ፣ ያረጀውን ንቀት በአዲስ ዕቃ ደገምነው ማለት ነው። የእርሷ ወግ ችግሩ ከተፈጠረበት ደቂቃ ባለሙያው እስከሚደርስበት ሰዓት ያለውን ጊዜ መሸፈን ነው። ያ ጊዜ በጉም በተሸፈነ ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል፤ ስለዚህ አልንቃትም፣ ነገም ይዣት እወጣለሁ። እንግዲህ ሰንጢ ለምትገዙ ምክሬ ሁለት ነው፤ መቆለፊያ ያለውን ምረጡ፤ በሰፈራችሁ ያለውን የባለሙያም ስልክ ያዙ።

ቸር እንሰንብት።