የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛ፦ የወደቀውና የተለወጠው

የድሮው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በእንግሊዝኛ ከዛሬው ባለዲግሪ ይሻል ነበር የሚል ወቀሳ በየዩኒቨርሲቲው ይሰማል። ወቀሳው መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ንጽጽሩ ግን የተዛባ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተቀበለው ከጥቂት ትምህርት ቤቶች ተበጥረው የወጡ ወጣቶችን ነበር። ኮሌጁን ያደራጁት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) ካህናት ነበሩ። ከ1955 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ። በእነዚህ ክፍሎች ተማሪው ለመውጣት ፈቃድ ለመጠየቅ እንኳ እንግሊዝኛ ያስፈልገው ነበር።

ብዙዎች ጥፋቱን አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ባደረገው በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ላይ ይጥላሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ግን እንግሊዝኛን አያዳክምም፤ አንደኛ ደረጃ በአማርኛ መሰጠት የጀመረውም በንጉሡ ዘመን ነው። በደርግ ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩ ተማሪዎች ጉዳይ ይበልጥ ያስተምራል። ከመሰናዶው ዓመት በፊት አንድም የሩሲያኛ ፊደል ያልቆጠሩ ወጣቶች ሕክምናና ምሕንድስናን በዚያው ቋንቋ አጥንተው ተመልሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው የትምህርቱ ዘመን ርዝመት ሳይሆን ቋንቋው በየዕለቱ ሥራ ላይ መዋሉ ይመስለኛል። የእኛ ተማሪ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይማራል፤ የሚሠራበት ቦታ ግን የለውም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃው የገባው «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርትም ችግሩን አልፈታም፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ አይቀበልም፣ ተማሪ ወደ ኋላ ቀረ ብሎም አይጠብቅም ነበር።

የዛሬውን የዩኒቨርሲቲ ክፍል ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ይሰጣል፤ ተማሪው የሚገለብጠው ስላይዱን ነው። «ዲማንዱ ሲጨምር ፕራይሱ ምን ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳይደናቀፍ ይመልሳል። ይህንኑ በአንድ አንቀጽ እንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል ግን ይቆማል፤ ቃላቱን ያውቃል፣ ማያያዣው የለውም። መጽሐፉን በሃንዳውት፣ ሃንዳውቱን በቴሌግራም በሚላክ አጭር ማስታወሻ ተክቷል። በአንጻሩ በዩቲዩብና በፊልም ያደገው የከተማ ወጣት አንዳንዴ ከመምህሩ በተሻለ ይሰማል፣ ይናገራል። እንግዲህ በአንድ ወንበር ላይ ፈጽሞ የተለያየ ችሎታ ያላቸው ተማሪዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ «የተማሪው እንግሊዝኛ ወደቀ» የሚለው ጥቅል ፍርድ ሁለቱንም አይገልጽም።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ የእንግሊዝኛ ተግባቦት ኮርስ አብሮ መካተቱ ተገቢ ነበር። ሆኖም የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ በአንድ ኮርስ ይካካሳል የተባለው ክፍተት ስፋት ታየ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ አንድ አንቀጽ እንኳ አያስጽፍም። ስለዚህ የመጻፍ ችሎታ የሚመዘነው በዋናነት በመመረቂያ ጥናቱ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ስለሚሠራ፣ የጻፈው ማን እንደሆነ አማካሪው እርግጠኛ መሆን ይቸግረዋል።