የተዘጋ የሞት መዝገብ በምን ይከፈታል?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ሰው ሞተብን፤ በበሽታ ነው ብለው ወረቀት ሰጡን፤ ቀበርን። አሁን ሌላ ነገር እየሰማን ነው። ከተቀበረ በኋላ መጠየቅ ምን ዋጋ አለው?» ትላላችሁ። ዋጋ አለው። ለምን እንደምል ከታሪክ ላሳያችሁ።

ከራሳችን አገር ልጀምር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. አረፉ ተባለ። ደርግ በሕመም ሞቱ ብሎ አወጀ፤ ቀደም ሲል የተደረገላቸውን የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናም ምክንያት አድርጎ አነሳ። መቃብራቸው የት እንደሆነ አልተነገረም። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ግን ይህን ምክንያት አልተቀበሉም። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በኋላ ባቀረበው ክስ ንጉሡ ታንቀው መገደላቸውን አመለከተ። በክብር የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1971 ዓ.ም. ክረምት ተገድለው በድብቅ ተቀበሩ። ቤተሰብና ምእመን እርማቸውን ሳያወጡ 13 ዓመት ያህል ጠበቁ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ ከአርጀንቲና የአጥንት መርማሪዎችን ጋበዘ። በአዲስ አበባ በተቆፈረ የጅምላ መቃብር ውስጥ የሟቾች አንገት ላይ የታሰረ የናይለን ገመድ ተገኘ። ሥጋው አፈር ሆኗል፤ ገመዱ ግን እንዳለ ነበር። ደርግ ራሱ በወረቀት ያስቀመጣቸው የግድያ ትእዛዞችም ለፍርድ ቤት ቀረቡ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። ያኔ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ ተሻግረው ያመለጡ ታላላቆቻችን የጓደኞቻቸውን እጣ የሰሙት በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሻገር፤ እዚያ መዝገቡ ራሱ ተዘግቶ እንደገና ተከፍቷልና። አሕመድ ቲሞል የተባለ ወጣት መምህርና የነጻነት ታጋይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 በጆሃንስበርግ ፖሊስ ተይዞ ሳለ ከ10ኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። በ1972 ጉዳዩን የመረመረው ዳኛ «ራሱን ገድሏል፤ ተጠያቂ የለም» ብሎ ዘጋው። የእህቱ ልጅ ግን አልተወውም፤ ለዓመታት ሰነድና ምስክር ሲሰበስብ ኖረ። በ2017 ምርመራው ሲከፈት ሐኪሞች ያንኑ የድሮ የአስከሬን ምርመራ ወረቀት እንደገና አነበቡት። ከመውደቁ በፊት በድብደባ የደረሰ ጉዳት እዚያው ተጽፎ ነበር። ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዳኛ ቢሊ ሞትሌ ግድያ ነው ብለው ወሰኑ።

ልብ በሉ፤ ማስረጃው 46 ዓመት ሙሉ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፈልጎ የሚያነበው ነው የጠፋው።

እኛስ? ይህ የምሥራቅ ሱዳን አፈር ብዙ የእኛን ሰው ይዟል። በ1977ቱ ድርቅ ፋው ላይ ካምፕ ተተክሎ ነበር። ከኡም ራኩባ እስከ ገዳሪፍ በመንገድና በካምፕ ካለቁት ቤተ እስራኤላውያን የብዙዎቹ ስም ዛሬ ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል። ያ ስም ሊቀረጽ የቻለው ዘመድ ስላልረሳ ነው።

ስለዚህ ሰው ሲሞትብን ከለቅሶው ጎን ይህን እናድርግ፦

• የሟቹን ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታውን፣ የሞተበትን ቀንና ቦታ ጻፉ።
• የገነዘውን ወይም ያጠበውን ሰው ጠይቁ። ገላውን መጨረሻ ያየው እሱ ነው። ቁስል፣ እብጠት፣ የገመድ ምልክት አይቶ ከሆነ በዚያው ቀን ይጻፍ፤ ይፈርምበት።
• የለበሰውን ልብስ አትጠቡ፣ አታቃጥሉ። አድርቃችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።
• የሐኪም ቤትና የፖሊስ ወረቀት ሁሉ ፎቶ ይነሳ፤ አንዱ ቅጂ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ይላክ። ጦርነቱ ቤትንም ቢሮንም እንደሚያቃጥል አይተናል።
• መቃብሩ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ።

ይህን ማድረግ ነገ ፍትሕ ያመጣል ብዬ አላታልላችሁም። በቲሞል ግድያ የተከሰሰው የቀድሞ ፖሊስ ፍርድ ሳያገኝ በ2021 ሞቷል። ኮሎኔል መንግሥቱም ዚምባብዌ ተቀምጠዋል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ መግደልና ሰው መሰወርን የመሰሉ በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም ይላል። ሕጉ ጊዜ ሰጥቶናል። ምስክር ግን ያረጃል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል፤ የእኛ ድርሻ እሱ ሳይሞት መጻፍ ነው።

ከመካከላችሁ ሰው የገነዘ ካለ ዛሬ ማታ ያየውን ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው።

በሰው አገር የቀሩትን ሁሉ ነፍሳቸውን ይማር።